ባዶው የገመድ ጫፍ

ይህ የሆነ ነገር ነው።

መሐላ አልደረድርም። ያላመነ መርሳ ወርዶ ረሂማን ይጠይቃት። ረሂማ ልጆቿን ለማስተኛት እንኳ ተረት የማታወራ ሴት ናት።

ሌሊት የምትጠብቁ ካላችሁ ከአሁኑ ልንገራችሁ፣ ሌሊት የለበትም። መብራትም አልጠፋም፤ ይህ በራሱ ሌላ ታሪክ ነው።

ቀትር ነው። ከቀኑ ስድስት ሰዓት...

በዚያ ሰዓት መርሳን የሚያውቅ ያውቃታል። ቆርቆሮው ይንጣጣል። ባጃጆች ጥላ ፍለጋ ማንጎ ሥር ይገባሉ። አርብ ከሆነ ደግሞ ወንዱ ጁሙዓ ይሄድና ሰፈሩ ጭር ይላል።

እኔ ኤርሚያስ እባላለሁ፣ ወልድያ ነው ያለሁት። ታሪኩ የእኔ አይደለም፣ የጓደኛዬ የይታገሱ ነው። እሱ ያየውን በየቀኑ በቴሌግራም ድምፁን እየቀዳ ይልክልኝ ነበር። መጨረሻውን ደግሞ ጎረቤቱ ረሂማ ነገረችኝ። የጨመርኩበት ነገር ካለ የራሴን ፍርሃት ብቻ ነው።

ይታገሱ ኤሌክትሮኒክስ የተማረ ልጅ ነው። አዲስ አበባ ይሠራ ነበር፤ እናቱ እትዬ ፋንቱ ሲታመሙ ሊያስታምም ወደ መርሳ መጣ። እትዬ ፋንቱ ዓምና አረፉ። እሱ ግን አልተመለሰም።

ለምን?

እህቱን እየጠበቀ ነው።

ሙሉወርቅ ትባላለች፣ ታላቁ ናት። ከዓመታት በፊት በጅቡቲ አድርጋ ወደ ሳዑዲ ሄደች። ብዙ የሀብሩ ወረዳ ልጅ የሄደበት መንገድ ነው። መጀመሪያ ላይ ትደውል ነበር። ካርድ ስለማይኖራት አንዴ ብቻ አስጠርታ ትዘጋለች፣ ሚስኮል፤ ይታገሱ መልሶ ይደውላል። "ይታጌ" ነበር የምትለው። ሌላ ማንም ይታጌ አይለውም፤ እናቱ እንኳ ሙሉ ስሙን ነበር የሚጠሩት።

አንድ ቀን ሚስኮሉ ቀረ።

ሞታለች ያለ የለም። አለች ያለም የለም። ለቅሶ አልተቀመጡላት፣ ደስም አላላቸው። ይታገሱ ስልክ ቁጥሩን አልቀየረም፣ ቤቱንም አልለቀቀም። ብትመጣ ሌላ የምታውቀው በር የላትም።

ብቸኝነቱን ላሳምርላችሁ አልፈልግም። ከባድ ነበር። አንዳንድ ቀን የሚልክልኝ መልእክት ውስጥ ምንም ወሬ የለም፣ የማንኪያ ድምፅ ብቻ ነው። ሰው እየሰማው ምሳ መብላት ፈልጎ ነው።

...

ሁለታችን አንድ ቦርድ እየሠራን ነበር። ስልክን ከትልቅ ስክሪን ጋር በታይፕ ሲ ገመድ የሚያገናኝ ነው፤ መምህሩ ስልኩን ሰክቶ ክፍሉ በሙሉ ቪዲዮ እንዲያይ። ቦርዱን የነደፈው እሱ ነው። እኔ ወልድያ ሆኜ ፕሮግራሙን እነካካለሁ።

ምስሉ በአስደንጋጭ ፍጥነት ነው የሚሄደው። መስመሮቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይጓዛሉ። ከጥንዱ አንዱ በትንሹ ከረዘመ ሌላው ቀድሞት ይደርስና ምስሉ ይበጣጠሳል። ይታገሱ ጥንዶቹን እኩል ለማድረግ ወገቡ እስኪቆረጥ ያጎነብሳል።

"አንዱ ጥሎት ከሄደ የቀረው ዋጋ የለውም" ይለኝ ነበር። ስለ መስመሮቹ ማለቱ ነው።

ታይፕ ሲ ቻርጀር ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ ላይና ታች የለውም። ገልብጣችሁ ብትሰኩትም ይገባል። ለእናንተ ምቾት ነው፣ ለሚሠራው ሰው ግን ራስ ምታት ነው። ጫፉ ሲገለበጥ ውስጡ ያሉት መስመሮች ቦታ ይለዋወጣሉ፤ ቀኝ የነበረው ግራ ይሆናል። ስለዚህ ቦርዱ መጀመሪያ ጫፉ በየት በኩል እንደገባ ማወቅ አለበት፣ ከዚያ መስመሮቹን ያቃናል። ካላቃና ምስል የሚባል ነገር የለም።

ሌላም ነገር አለ።

ገመዱ ሲሰካ ከወዲያ ያለው ስክሪን በአንዲት ቀጭን ሽቦ "አለሁ" ይላል፣ እንደ መጥራት ነው። ቦርዱ ግን ወዲያው አይመልስም። ጫፉ ሲገባ ስለሚንቀጠቀጥ የመጀመሪያው ጥሪ ውሸት ሊሆን ይችላል። ትንሽ ይጠብቃል፣ ከዓይን ጥቅሻ ያጠረ ጊዜ። ጥሪው ጸንቶ ከቆየ ያን ጊዜ "አቤት" ይላል።

ይታገሱ ይህን መጀመሪያ ያነበበ ቀን ሳቁ አላቆመለትም።

"ይህን ሕግ የጻፈችው እማዬ ናት" አለኝ።

እውነቱን ነው። በእኛ አገር ይህን ሳይባል ያደገ ልጅ ጥቂት ነው። እትዬ ፋንቱ እንዲህ ይሉት ነበር...

"ቀትር ላይ ከደጅ ስምህን ቢጠሩህ፣ በመጀመሪያው አቤት እንዳትል። ሰው ከሆነ ይደግመዋል፣ ሦስቴ ይጠራሃል። ያ ሌላው ግን አንዴ ብቻ ነው የሚጠራ።"

እሺ ይላቸው ነበር። ሁላችንም እሺ ብለናል።

...

ችግሩ የመጣው ከገመዱ ነው።

አዲስ ገመድ ከአዲስ አበባ አስልከን መንገድ ላይ ዘገየ። ይታገሱ እጅ ያለችው አንዲት የተጎሳቆለች ገመድ ናት። ስክሪኑ በእሷ በኩል ሲጠራ፣ ቦርዱ ጠብቆ "አቤት" ሳይል ጥሪው ይቋረጣል። በሰካ ቁጥር ይቋረጣል። ሦስት ቀን ሙሉ ጥርሱን ነከሰ።

ከዚያ ጥበቃውን፣ ያቺን ቦርዱ ከመመለሱ በፊት የሚቆያትን ጊዜ፣ አወጣው።

አንዲት መስመር ናት። ፕሮግራሙ ውስጥ ዜሮ ብሎ ጻፈባት። ቦርዱ ከዚያ ወዲያ በመጀመሪያው ጥሪ የሚመልስ ሆነ።

"ምን ነካህ?" አልኩት።

"ገመዱ እስኪመጣ ነው።"

አርብ ነበር። ቀትር...

ጠረጴዛው ከጓሮ በር አጠገብ ነው፣ የማንጎው ጥላ በዚያ ስለሚያርፍ። በሩ እናቱ ካረፉ ወዲህ ተከፍቶ አያውቅም፤ መቀርቀሪያው ዝጓል። ይታገሱ ስክሪኑን አቧራ እንዳይነካው አልጋው ላይ አስተኝቶ በአንሶላ ሸፍኖታል። የገመዱ አንድ ጫፍ ቦርዱ ላይ ተሰክቷል። ሌላኛው ጫፍ ከጠረጴዛው ወርዶ ተንጠልጥሏል።

ባዶውን።

ሹሮውን ሊጎርስ ሲል የቦርዷ አረንጓዴ መብራት በራች።

እጁ አፉ ጋ ቀረ። አረንጓዴ ማለት ከወዲያ ማዶ ስክሪን አለ ማለት ነው።

ጎንበስ ብሎ ጫፉን አየው። ምንም አልነካውም። ግድግዳ አልነካም፣ ብረት አልነካም። ቦርዱ የሚያደርገውን ሁሉ ላፕቶፑ ላይ ይጽፋል፣ ቀና ብሎ አነበበ።

ተጠራ።

መለሰ።

ተገናኘ።

ከዚያ መብራቷ ጠፋች።

ወዲያው ደወለልኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የሚያወራው፣ በገዛ ቤቱ።

"ኤርሚ..."

"አቤት።"

"ገመዱ ባዶ ነው።"

"እና?"

"ከባዶው ጫፍ ተጠራሁ።"

"ሾርት ይሆናል። ሙቀቱ ነው። ውሃ ጠጣ።"

ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ነገሩ እዚያ ላይ ቢያልቅ ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ ነበር።

...

በማግስቱ ቀትር ላይ ደገመው። አንዴ።

በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ፣ አንዴ። ያን ቀን ግን ላፕቶፑ ላይ አዲስ ቃል ተጽፎ አገኘ።

ተገልብጧል።

ይታገሱ ገመዱን አልነካውም ነበር። ቦርዱ ግን "የኔ ጫፍ ወጥቶ፣ ተገልብጦ፣ ተመልሶ ተሰክቷል" እያለው ነው። ቦርድ ይሳሳታል፣ እሱም ይህን አላጣውም። ስለዚህ መፈተን ፈለገ።

መሳቢያው ውስጥ ሙሉወርቅ ትታው የሄደች ቀይ የጥፍር ቀለም አለ። ደርቆ ነበር፣ በአሴቶን አቀጠነው። ቦርዱ ላይ የተሰካውን ጫፍ አንዱን ጎን ብቻ ቀባ። ቀዩን ወደ ላይ አድርጎ ሰካው።

በነጋታው ስድስት ሰዓት ሲሆን ወንበሩን አስጠግቶ ተቀመጠ። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ። ዓይኑን ከቀዩ ላይ አላነሳም።

መብራቷ በራች።

ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ገለጠ። አንዴ ብቻ።

ቀዩ ወደ ታች ዞሯል።

"ቤት ውስጥ ማንም የለም" አለኝ በመልእክቱ። ቀጥሎ እንዲህ አለ፣ "እሱ ነው ችግሩ። ማንም የለም።"

ቦርዱን ነቅሎ ሊጥለው ይችል ነበር። እኔም ጣለው ብዬዋለሁ። እሱ ግን ሌላ ነገር ሊያይ ፈለገ። ማንኛውም ስክሪን ሲገናኝ ራሱን ያስተዋውቃል፤ ስሙን፣ ቁመቱንና ወርዱን ይናገራል። ይታገሱ ከባዶው ጫፍ የመጣውን ማንነት ከፍቶ አየው።

ስም በሚለው ላይ ምንም አልተጻፈም።

ልኩ ግን አለ። እንዲህ ያለ ስክሪን አይቶ አያውቅም፣ ጠባብና ረጅም፣ ሰው የሚቆምበት የሚያህል ነው። ቁጥሩን ደጋግሞ አየው። የሆነ ቦታ የሚያውቀው ልክ መሰለው።

ሜትር አነሳ።

የጓሮውን በር ለካው... ቁመቱ ያው ነው። ወርዱም ያው ነው።

ሜትሩን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከበሩ ወዲያ ምንም ድምፅ አልነበረም። የማንጎ ቅጠል እንኳ አልተንቀሳቀሰም።

...

ቀጥሎ ያደረገውን እኔ ብሆን አላደርገውም። ግን እኔ ቤቴ ሰው አለ።

ቦርዱ ሲገናኝ ምስል ይልካል። እስከዚያ ቀን ድረስ የሚልከው የሙከራ ቀለሞችን ነበር። ይታገሱ ቀለሞቹን አንስቶ የሙሉወርቅን ፎቶ አስገባበት። ከመሄዷ በፊት ፎቶ ቤት የተነሳችው ነው፤ አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳ፣ ቀጥ ብላ ቆማለች።

"ለምን?" አልኩት።

"አንዴ አስጠርቶ መዝጋት የማን ጠባይ ነው?"

የሙሉወርቅ ሚስኮል ትዝ አለኝ።

በማግስቱ ቀትር መብራቷ በራች። ፎቶው ሄደ። ከወዲያ ማዶም "ደርሶኛል" የሚል ምላሽ መጣ። ያን ቀን ግንኙነቱ ቶሎ አልተቋረጠም። የሆነ ነገር ፎቶውን ረጅም ጊዜ ተመለከተው።

ማታ ላይ ሳይሆን በዚያው ቀን፣ ፀሐይዋ ሳትዘነብል፣ ረሂማ በአጥሩ ላይ አንገቷን ብቅ አደረገች። ረሂማ የሙሉወርቅ እኩያ ናት፣ አብረው ነው ያደጉት። እርጥብ ልብስ በእጇ ይዛለች።

"ይታገሱ።"

"አቤት ረሂማ።"

"እንግዳ መጥቶልህ ነበር እንዴ?"

"ኧረ ማንም አልመጣ።"

ልብሱን ጨመቀችው። ውሃ አልወጣውም፣ ቀድሞ ተጨምቋል።

"ጓሮ በርህ ላይ ሴት ቆማ ነበር። አረንጓዴ ቀሚስ ያረገች። ግንባሯን ሳንቃው ላይ ለጥፋ..."

"ለማኝ ትሆናለቻ።"

"ለማኝ ስምህን ያውቃል? አንዴ ጠራችህ። ቀስ ብላ።"

"ምን ብላ?"

"ይታጌ ብላ።"

ይታገሱ አጥሩን ያዘ።

"ዞር ስትል አየኋት" አለች ረሂማ፣ አሁን በሹክሹክታ። "ሙሉ ናት ብዬ ልጮህ ነበር። ፊቷ ፊቷ ነው። ወላሂ ፊቷ ነው።"

"ታዲያ ለምን አልጠራሽኝም?"

"ሙሉ ፀጉሯን በግራ ነው የምትከፍል። እኔ ነኝ ስሠራላት ያደግሁ፣ እጄ ያውቀዋል። ይች በቀኝ ከፍላዋለች። ደግሞ..."

"ደግሞ ምን?"

"እኔ ሸበትሁ። እሷ የሄደች ቀን እንደነበረች ናት። አንድ ቀን አልጨመረባትም።"

ረሂማ ልብሱን አጥሩ ላይ ጣለችው።

"አትክፈት ይታገሱ። እናትህ ያሉትን ታውቃለህ። አዑዙ ቢላህ... አትክፈት።"

ወደ ቤት ገብቶ ፎቶውን አየ። ፀጉሯ በግራ ነው የተከፈለው። ከፎቶው ሥር ቦርዱ የጻፈውን አነበበ፣ ተገልብጧል ይላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበላችሁ። የገመድ ጫፍ መገልበጥ ፎቶን አይገለብጥም። ምስሉ ወይ ይመጣል ወይ ይቀራል እንጂ፣ የሰው ፀጉር ከግራ ወደ ቀኝ አይሄድም። ሥራዬ ነው፣ ይህን አውቃለሁ። ረሂማ ያየችውን ግን ማስረዳት አልቻልኩም።

...

ያን ቀን ደንግጦ ጥበቃውን መለሰው።

አንዲት መስመር ናት። ቦርዱ እንደገና ጠብቆ የሚመልስ ሆነ።

በማግስቱ ቀትር መብራቷ አልበራችም። ላፕቶፑ ላይ "ተጠራ" የሚል ብቻ ተጻፈ፣ ከሥሩ ምንም የለም። በሚቀጥለው ቀን እሱም ቀረ። በዚያው ሳምንት አዲሱ ገመድ ደረሰ። ስክሪኑን ሰካው፣ ምስሉ ጥርት ብሎ መጣ። ገለበጠው፣ አሁንም ጥርት ብሎ መጣ። ሥራው አለቀ።

እኔ ወልድያ ሆኜ ጮቤ ረገጥኩ።

"ኤርሚ፣ በትክክል ይሠራል" አለኝ እሱ። ድምፁ ግን መርዶ የሰማ ሰው ድምፅ ነበር።

ከዚያ በኋላ የላካቸው መልእክቶች ውስጥ የማንኪያው ድምፅ ተመለሰ። አንዱን አልረሳውም። ይጎርሳል፣ ይጠጣል፣ ወንበሩ ይንቋቋል፣ ከዚያ ብዙ ዝምታ አለ። መጨረሻው ላይ "በቃ በላሁ" ይላል። ለማን እንደሚነግር እንጃ።

ሐሙስ ዕለት ደወለልኝ።

"አወጣሁት።"

"ምኑን?"

"ጥበቃውን።"

"ለምን ይታገሱ? ገመዱ መጥቷል። ሥራው አልቋል እኮ።"

"ካርድ የሌላት ከሆነስ? አንዴ ብቻ መጥራት የምትችል ከሆነስ?"

"እሷ አይደለችም። ረሂማ አይታለች።"

"አውቃለሁ።"

"ካወቅህ..."

"አውቃለሁ አልኩህ ኤርሚ።" ትንፋሹን ሰማሁት። "ግን ይታጌ የሚለኝ ሌላ ማን አለ?"

ነገ ጠዋት እመጣለሁ፣ ቀትር ሳይደርስ እደርሳለሁ አልኩት። እሺ አለኝ። ጠዋት ተነሥቼ መናኸሪያ ወረድኩ። ሲሪንቃ ጋ ስንደርስ የሚኒባሱ ጎማ ፈነዳ፣ መለዋወጫውም ነፋስ አልነበረውም። መንገድ ዳር ቆሜ ፀሐይዋ አናቴ ላይ ስትወጣ አየኋት።

ስልኬ ጮኸ። ከይታገሱ የድምፅ መልእክት ነው።

ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። አሁንም አለ፣ አልጠፋም።

መጀመሪያ የወንበሩ ድምፅ ይሰማል። ቀጥሎ የይታገሱ ሹክሹክታ፣ "በራች... ጫፉን ይዤላት እወጣለሁ።" ገመዱ ጠረጴዛው ላይ ሲጎተት ይሰማል።

ከዚያ አንድ ድምፅ አለ። ሴት ነው ብዬ አልምልም። የሰው ስም ለመጥራት የሚሞክር ድምፅ ነው።

"አቤት" አለ ይታገሱ። ወዲያው ነው የመለሰው፣ አልጠበቀም። ደስ ብሎት ነበር። ደጋግሜ የምሰማው እሱን ነው፣ ደስ ብሎት ነበር።

የዛገው መቀርቀሪያ ተጎተተ። በሩ ተከፈተ። እግሩ ወደ ጓሮ ሲወጣ ሲሊፐሩ አፈሩን ሲረግጥ ይሰማል።

አንድ... ሁለት እርምጃ።

በሩ ተዘጋ። መቀርቀሪያው ተመለሰ... ከውስጥ።

ከዚያ የሆነ ሰው ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ወደ ስልኩ ጎንበስ አለ፣ ትንፋሹ ይሰማል። መልእክቱም እዚያ ላይ ያልቃል።

ቤት ውስጥ ማንም አልነበረም። ይታገሱ ደጅ ነው። ታዲያ ያንን መልእክት ተጭኖ የላከልኝ ማን ነው?

...

የቀረውን ረሂማ ናት የነገረችኝ።

በሩ ሲዘጋ ሰምታ ወደ አጥሩ መጣች። በመስኮት አየችው። ይታገሱ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጦ ይሠራል። ልቧ መለስ አለ።

"እንዴት ዋልህ ይታገሱ?"

እጁን አንስቶ ሰላም አላት። ግራ እጁን።

ይታገሱ ግራ እጁ ላይ ጠባሳ አለው፣ ካውያ ያቃጠለው። ረሂማ ናት ያን ጊዜ ቅባት የቀባችለት። የተነሣው ግራ እጅ ግን ልሙጥ ነው፣ ምንም የለበትም። ጠባሳው ጠረጴዛው ላይ ባረፈው ቀኝ እጁ ላይ ነው።

ልትናገር አፏን ስትከፍት ከጓሮ ድምፅ መጣ።

"ቤቶች..."

የይታገሱ ድምፅ ነው። በመስኮቱ የምታየው ሰው ግን ከንፈሩ አልተንቀሳቀሰም።

"ቤቶች... ክፈቱልኝ..."

እንደ እንግዳ ነው የሚጠራው። የገዛ ቤቱን እንደ እንግዳ።

"ቤቶች..."

"ይታገሱ" አለች ረሂማ ወደ መስኮቱ። "ጓሮ... ሰው እየጠራ ነው።"

"ስንቴ ጠራ?" አላት፣ ቀና ሳይል።

"ሦስቴ።"

ትንሽ አሰበ። ከዚያ ፈገግ አለ።

"እኔ ምንም አልሰማሁም" አለና መስኮቱን በቀስታ ዘጋው።

ረሂማ አጥሩን ዞራ ወደ ጓሮ ሮጠች። ማንም የለም። በሩ ዝግ ነው። ከበሩ ፊት የይታገሱ ሲሊፐር ተቀምጧል፣ አፍንጫው ወደ በሩ። አንድ ሰው ለብሶት እንደቆመ ሆኖ አፈሩ ውስጥ ጠልቋል። ከአጠገቡ፣ በበሩ ሥር ባለው ክፍተት የወጣው የገመድ ጫፍ መሬት ላይ ተጋድሟል። ባዶው ጫፍ።

"ይታገሱ?" አለች።

"ረሂማ" አላት፣ ከፊት ለፊቷ፣ ከሲሊፐሩ በላይ፣ ማንም ከሌለበት። "ረሂማ... ረሂማ..."

ሦስቴ ነው የጠራት።

"አቤት" ልትል ነበር። ያን ጊዜ ገመዱ ተንቀሳቀሰ። ከውስጥ የሆነ ሰው ሳይቸኩል እየጎተተ ነው። ጫፉ አፈሩ ላይ ቀጭን መስመር እያሰመረ ሄደ፣ በሲሊፐሮቹ መካከል አለፈ፣ በበሩ ሥር ገብቶ ጠፋ። የሚጠራትም ድምፅ አብሮ ተቋረጠ።